ሳላየው አየሁት ያልኩት ልጅ

ይህን ነገር የነፍስ አባቴ እንኳን አያውቁም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ፊታቸው ቀርቤ ስካሬን፣ ቁጣዬን፣ በወጣትነቴ ያጠፋሁትን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ዘልያት አልፋለሁ። እሳቸው «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። እኔም «ይኸው ነው አባ» ብዬ መስቀል ተሳልሜ እነሳለሁ። ከአሥር ዓመት በላይ እንዲህ አደረግሁ። አንዲት ነገር ይዞ ይህን ያህል ዘመን መኖር እንዴት እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል። ደክሞኛል። የምጽፈውም ስለ ደከመኝ ነው።

ተሰማ እባላለሁ። አቃቂ ውስጥ ጋሽ ተሰማ ብላችሁ ብትጠይቁ ቤቴን የማያሳያችሁ ሰው የለም። ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። እንግሊዝኛውን ደግሞ ከፋብሪካው የመኪና መመሪያ መጻሕፍትና ከሬዲዮ የኳስ ጨዋታ ለቀምሁት። ሠላሳ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ሆኜ ስሠራ ዲግሪ ያላቸው ያቃታቸውን የመፍተያ መኪና አስነስቻለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። አይ፣ ለመኩራራት ነው። ኑዛዜ ላይ ተቀምጬ ልዋሽ?

ብሔራዊ ቡድናችን ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፈ ጊዜ ሀገር ምድሩ እንዴት እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ከአቃቂና ከቃሊቲ አሥራ አንድ ሆነን ደቡብ አፍሪካ ድረስ ለመሄድ ተነሳን። የቡድኑ መሪና አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። ሌላ ማን ሊሆን? ከመካከላችን ግርማ የሚባል የቃሊቲ ሚኒባስ ሹፌር ነበር፤ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። «ጋሼ ከሌሉማ» አለ፣ «አየር ማረፊያው መውጫ በር ጠፍቶን እዚያው አርጅተን ነው የምንቀረው።» ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ እውነት መስሎኝ ነበር።

ልንነሳ ሁለት ቀን ሲቀረን እታፈራሁ መጣች። እታፈራሁ ጎረቤቴ ናት፤ በፋብሪካው በክር ማጠንጠኛ ክፍል ዕድሜዋን የፈጀች፣ ባሏ ቀድሞ የሞተባት ሴት። አንድ ልጇ ታምራት ደቡብ አፍሪካ ከወረደ አምስት ዓመቱ ነበር፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሱቅ ይጠብቃል። ዳቦ ቆሎ በላስቲክ ቋጥራ፣ ከሳሪስ አቦ የቀዳችውን ጠበል በትንሽ ጠርሙስ ይዛ ደጄ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ተሰማ፣ እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ። «በዓይንዎ ብቻ ይዩልኝ። ስልክ ላይ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የሚለው። ስልክ ምን ያሳያል? እርስዎ አይተውት ደህና ነው ካሉኝ ግን አርፋለሁ።»

«እታፈራሁ» አልኳት፣ «ልጅሽን ሳላይ ተመልሼ የአቃቂን መሬት አልረግጥም።»

ማን ጠየቀኝ? «እሞክራለሁ» ማለት አይበቃም ነበር? እኔ ግን መሞከር የሚባል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

የመጀመሪያው ጨዋታ ኔልስፕሩት በምትባል ከተማ ነበር። ስታዲየሙ በአበሻ ተሞልቶ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ብቻ ሆነ። በአሥር ሰው ተጫውተን አንድ እኩል ስንወጣ የማላውቀው ሰው አንገቴን አቅፎ አልቅሷል። በማግስቱ ለታምራት ደወልኩ።

«ታምራት! ጋሽ ተሰማ ነኝ፣ የአቃቂው!»

«ኧረ በማርያም! ጋሼ! ጨዋታውን በቴሌቪዥን ሳይ እኮ ካሜራው ሰው ባሳየ ቁጥር እርስዎን ነበር የምፈልገው።» ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉም አልቆም አለ። ስልኩን ይዤ ጠበቅሁ።

«ምነው፣ ብርድ ነው?»

«ትንሽ አሞኛል፣ ጋሼ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእማዬ እንዳይነግሯት። መጀመሪያ ይምጡና ይዩኝ። ካዩኝ በኋላ እንዴት አድርገን እንደምንነግራት እርስዎ ያውቃሉ። ወደ ቤት መግባት ፈልጌያለሁ፤ ብቻዬን ግን አልችልም።»

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩት።

«ቅዳሜ፣ እሺ። ሱቁን ዘግቼ መንገድ ላይ እጠብቅዎታለሁ።»

የጠየቀኝ ይህን ብቻ ነበር። መንገዱ በመኪና የሁለት ሰዓት ነው፤ አድራሻውም ኪሴ ውስጥ ነበር።

አርብ ዕለት በሁለተኛው ጨዋታ አራት ለዜሮ ተሸነፍን። ቅዳሜ ጠዋት ጓደኞቼ ተሸንፎ ከመተከዝ አውሬ ማየት ይሻላል ብለው የዱር እንስሳት ወዳሉበት ጥብቅ ቦታ የሚወስድ አውቶቡስ ተከራዩ። እኔ ለብሼ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ወደ ታምራት ልሄድ ነው። ግርማ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ጋሼ፣ ዝሆን ሳያዩ ሊመለሱ ነው? አስጎብኚው የሚለውንስ ማን ይንገረን? እኛ እንደሆንን ዝሆኑንም አስጎብኚውንም አንሰማም!»

አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ። ሌላ ምክንያት አልፈጥርም። ማንም አልገፋኝም፤ ማንም አላስገደደኝም። ያለ እኔ አይሆንልንም ሲሉኝ ደስ አለኝና ወጣሁ። ልጁን ነገ አየዋለሁ አልኩ፣ ነገ ወደ ሦስተኛው ጨዋታ ከተማ እንደምንጓዝ እያወቅሁ።

ቀኑን ሙሉ አስተረጎምሁ። አስጎብኚው ፈጣን ነበር፤ የገባኝን ተናገርሁ፣ ያልገባኝን ከራሴ ሞላሁት። የዝሆኑን ዕድሜ፣ የአንበሳውን ሚስቶች ቁጥር ሳይቀር ፈጥሬ ነገርኳቸው፤ አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። እኩለ ቀን ላይ ራበንና የእታፈራሁን ዳቦ ቆሎ ፈታሁ።

«ይሄ የሰው አደራ አይደለም እንዴ፣ ጋሼ?» አለኝ ግርማ፣ እጁን እየዘረጋ።

«ብላ ዝም ብለህ። ለልጁ እኔ አውቅለታለሁ።»

ዝሆኖቹ መንገድ ሲያቋርጡ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ማን እንደሆነ አውቄያለሁ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ልጁ መንገድ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። አላነሳሁም። ምን ልበለው? ዝሆን እያየሁ ነው ልበለው? በማግስቱ ሻንጣ ስናሰናዳ ጠበሉን አልጋው አጠገብ አገኘሁት፤ እዚያው ትቼው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አልደወልኩለትም። አፍሬ ነው ብል እውነት ይመስላል፤ ግን ያኔ ማፈሬን እንጃ። ረስቼዋለሁ ነው የሚባለው።

አቃቂ ስመለስ እታፈራሁን ደጄ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ነጠላዋን አጥባ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ እንደ ዓመት በዓል ለብሳ ነበር። ሰላምታ እንኳን አላስቀደመችም።

«አዩት?»

አላየሁትም ማለት ምን ያህል ከባድ ቃል ነው? ግን ዙሪያችንን ጎረቤት ቆሟል፤ እኔም ልጅሽን ሳላይ አልመለስም ያልኩ ሰው ነኝ።

«አየሁት» አልኩ።

«ወፍሯል?»

«ወፍሯል እንጂ! ጉንጩ ሞልቷል። ሱቁ ሰፊ ነው፣ ዳቦ ቆሎሽን ሲያይ እንባው መጣ። ጠበሉንም ፊቴ ጠጣው።»

እልል አለች። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችው። እኔም አላነሳኋትም፤ ቆሜ ተሳምሁ።

ከሳምንት በኋላ ታምራት ደወለላት። «ጋሽ ተሰማ አየሁት ብለው አስደሰቱኝ» ብላዋለች። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት። ልጁም «አዎ እማዬ፣ አይተውኛል» አላት። ይህን ስሰማ እፎይ አልኩ። ታሞ አልጋ ላይ ያለ ልጅ የእኔን ውሸት ሲሸከምልኝ እኔ እፎይ አልኩ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ኃጢአቴ የጉረኛ ኃጢአት ነበር። አላለቀም።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ረፋድ ደጄ ላይ ጋዜጣ ሳነብ እታፈራሁ ስልኳን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች። «ጋሽ ተሰማ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ከዚያው ከደቡብ አፍሪካ እየደወለ ልጅሽ በጠና ታሟል ይለኛል። የታምራት ስልክ ዝግ ነው። በስልክ ያታልላሉ ይላል ሰው፤ እኔ ምን አውቃለሁ? እርስዎ ግን አይተውታል። ደህና ነበር አይደል?»

ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ «እታፈራሁ፣ አላየሁትም፣ ሲያስል ሰምቼዋለሁ» ማለት እችል ነበር። ልጇ በሕይወት ነበር። ጊዜ ነበር።

ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ። ተቀበልኳት።

«ማን ልበል?» አልኩ በወፍራሙ ድምፄ።

«አባባ፣ እባክዎ አይዝጉት» አለኝ የወጣት ድምፅ። «ከታምራት ጋር ነው የምንሠራው። ሆስፒታል ነኝ። መናገር አልቻለም፤ መስማት ግን ይሰማል። ስልኩን ጆሮው ላይ ላድርግለትና እናቱ ሁለት ቃል ትበለው። ሌላ ምንም አይደለም።»

እታፈራሁ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ስማ አንተ!» አልኩ። «እንዳንተ ያለውን ብዙ አይቻለሁ። ልጁን በዓይኔ አይቼው የመጣሁ ሰው ነኝ!» ዘጋሁት።

«ምን አለዎት?»

«ገንዘብ ነው የሚፈልገው፤ ሌባ ነው። የውጭ ቁጥር ሲደወልልሽ አታንሺ።»

ሰውየው ስለ ገንዘብ አንዲት ቃል አልተናገረም። እውነት እንደሚናገር ደግሞ አውቄያለሁ። ያን ሳል ከእኔ በቀር አቃቂ ውስጥ የሰማ አልነበረም። ታዲያ ለምን ዘጋሁ? ውሸታም ላለመባል። ለዚህ ብቻ። እናት ከሚሞት ልጇ ጋር የምትነጋገርበትን ስልክ፣ እኔ ተሰማ፣ ውሸታም ላለመባል ዘጋሁት።

እሷም አመነችኝ። ስልኩ ሦስት ቀን ጮኸ፤ አላነሳችም። ከዚያ ጸጥ አለ።

ሳይቆይ የሞቱ ወሬ እዚያ ካሉ አበሾች ደረሰ፤ መርዶውን ለመንገር በማለዳ ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ እኔንም ጠሩኝ፤ በመጨረሻ ያየኸው አንተ ነህና ቃልህ ያጽናናታል አሉኝ። ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥም በሰው መካከል ቁጭ አድርገው እንዴት እንዳገኘሁት አስነገሩኝ። ጉንጩን፣ ሱቁን፣ እንባውን ደገምሁት። እታፈራሁ ደረቷን መምታት ትታ ትሰማኝ ነበር። ግርማ ከቃሊቲ ለለቅሶ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ስጨርስ ቀና ብሎ አየኝ። ስወጣ ተከትሎኝ ወጣ።

«ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ዳቦ ቆሎው ግን ይጣፍጥ ነበር።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። እውነት አለው።

ይህን ሁሉ ይዤ መሞት እችል ነበር። እንዲያውም ዝምታዬን ደግነት አድርጌ ቆጥሬው ኖሬአለሁ፦ ልጇ ወፍሮ እንደነበር ማመኗ ያጽናናታል፣ ለምን ልንጠቅባት እል ነበር። ራስን ለማታለልም ጎበዝ ነኝ። ያለፈው ወር ግን እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ እታፈራሁ ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ አብጦ መራመድ አቅቷታል።

«ሐኪም ቤት እንውሰድሽ?» አልኳት።

«የሐኪም አይደለም፣ ጋሽ ተሰማ። የስግደት ነው።» ቀሚሷን ወደ ታች ሳበችው። «ለማንም አልነገርኩም፤ ለእርስዎ ልንገርዎት። ልጄ እየጠራኝ ስልኩን ያላነሳሁት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ጮኸ፤ እኔ ቁጭ ብዬ አየሁት። የነፍስ አባቴ በየቀኑ አርባ ስግደት ቀኖና ሰጥተውኝ ነበር። ጊዜው አልቋል፣ ይበቃሻል ብለውኛል። እኔ ግን አልበቃ አለኝ፤ እስካሁን እሰግዳለሁ። እናት ናት እንዴ እንዲህ የምታደርግ?»

እኔም አጠገቧ ቆሜ «እግዜር ይቅር ባይ ነው» አልኳት። ያን ቀን እንኳን የወጣልኝ ይህ ነው።

ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርሁ። ዓይኗ ደክሟል፤ ማንበብ አትችልም። በመጪው እሁድ ቤቷ ሄጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሴ አነብላታለሁ። ያ ወጣት ድምጿን ለልጇ እንድታሰማው እንደለመነኝ ስትሰማ ከአሁኑ የባሰ ልታለቅስ ትችላለች፤ ያንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከቤቷ ታስወጣኝ፣ ሰፈሩ ፊቱን ያዙርብኝ። ይቅርታ አልለምናትም፤ ለመለመንም የሚሆን ፊት የለኝም። የምላት ይህን ብቻ ነው፦

እታፈራሁ፣ ተነሺ። ስግደቱ የእኔ ነው።