የዲበኩሉ ናስትሮ

ዲበኩሉ መቱ መናኸሪያ ጀርባ የባጃጅ ኤሌክትሪክ ይሠራል። የታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ እሱ የነካው ሽቦ ውሃ አይገባበትም። የኢሉባቦር ዝናብ ለማንም አያዝንምና ያገኘውን ቀዳዳ ሁሉ በናስትሮ ይለጥፋል፤ ካልበቃው ሲሊኮን ይጨምራል። ባለባጃጆቹ «ዲቤ የደፈነውን ጉንዳን አያልፈውም» ይላሉ።

በሙያ ጓደኛው በሳያት ግን ይቀናል። አዲስ አበባ የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ኮርስ አብረው ሲወስዱ እሷ አንደኛ፣ እሱ ሁለተኛ ወጣ። ከተመለሱ ወዲህ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ እሷ ነው። እናቱ እንኳ «ሳያትዬ ደህና ናት?» ትለዋለች።

ጎሬ ማረፊያ ላይ ለገጠር ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የምታመላልስ ትንሽ አውሮፕላን አለች። አብራሪው ካፒቴን ኪቲላ አዲስ የመገናኛ ሬዲዮና የአቅጣጫ መሣሪያ እንዲገጥሙላቸው ሁለቱንም ጠሩ። «ሥራችሁን አይቼ አንዳችሁን በቋሚነት እይዛለሁ» አሉ። ሳያት መሣሪያዎቹን ልትገጥም፣ ዲበኩሉ ከባትሪው መስመር ሊስብ ተከፋፈሉ።

እሱ የራሱን ቶሎ ጨረሰና የእሷን ይፈትሽ ጀመር፤ ስህተት ፍለጋ። የአንቴናውን ገመድ ከኃይል ሽቦው አራርቃዋለች፤ ጩኸት አይገባበትም። ሽቦዎቹ ከመሪው ገመዶች ጋር እንዳይፋተጉ በማቀፊያ ይዛቸዋለች። ፊውዙም ልኩ ነው። ደግሞ ከመጀመሪያው ፈተሸ።

«እንደ ጉምሩክ ምን ትበረብራለህ?» አለችው።

«ሥራሽን ላደንቅ ነዋ።»

«አንተ? ዛሬስ ፀሐይ በምዕራብ ወጥታለች!»

ምሳ ልትበላ ስትሄድ የሚፈልገውን አገኘ። መሣሪያዎቹ የተቀመጡበት ሳጥን ጀርባው ላይ ክፍት ቀዳዳዎች አሉ። ሙቀታቸውን በዚያ እንደሚያስወጡ ኮርሱ ላይ ተምሯል። የቅናት ዓይን ግን ቀዳዳ ሲያይ የሚታየው ዝናብ ብቻ ነው። «ይቺን ነበር የምፈልጋት!» ብሎ በናስትሮ ለጠፋቸው። ካፒቴኑ ሲመጡ «እሷ የረሳችውን እኔ ሸፈንኩት» ሊል ነው።

ካፒቴኑ ሳያት ከምሳ እንደተመለሰች መጡ፤ ወሬ ግን አልጠበቁም፤ ገብተው ሞተር አስነሱ። ሬዲዮው ጥርት ብሎ ሠራ። ፀሐይዋ ከርራለች፤ መሬት ላይ እንደቆሙ ሲሞክሩት ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ፣ ከዚያ ድርግም አለ። ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ።

«ማል ተኤ? ምን ሆነ ሳያት? አየር ላይ ብሆን ኖሮስ?»

«እኔንም ገርሞኛል ካፒቴን። አንዴ ልየው።»

«ይበቃል። ዲበኩሉ፣ አንተ እየው። ካገኘኸው ሥራው ያንተ ነው።»

ሳያት መፍቻዎቿን ወደ ቦርሳዋ ትከት ጀመር። ዲበኩሉ እጁን ሰዶ ሳጥኑን ነካው፤ እንደ ፍም ያቃጥላል። ናስትሮውን ላጥ አድርጎ ኪሱ መክተት ብቻ ነው፤ ማንም አያይም።

«ዲቤ» አለችው ከኋላው፣ «መጀመሪያ የሙቀት መውጫውን እየው። ክፍት ነው የተውኩት፤ ምናልባት አንድ ነገር ዘግቶት ይሆናል።»

ይሄ ይበልጥ አበሸቀው። ስትባረር እንኳ ታግዘዋለች? ብትሰድበው በተሻለው። ናስትሮውን ላጠውና በጣቱ አንጠልጥሎ ወረደ።

«እኔ ነኝ የደፈንኩት።»

«ለምን?» አሉ ካፒቴኑ።

«ዝናብ እንዳይገባ።»

ሳያት ናስትሮውን አየችው። «ለዝናብ ብቻ?»

«ለዝናብ ብቻ አይደለም።»

ሳጥኑ ሲቀዘቅዝ ሬዲዮው እንደገና ሠራ። ካፒቴን ኪቲላ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለሳያት ሰጧት። ለዲበኩሉ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ አውሮፕላኔን ግን አትነካም» አሉት።

ወደ መቱ በሚኒባስ ሲመለስ ጎረቤቱ እትዬ በየነች ከጎኑ ተቀምጠዋል።

«ለአውሮፕላኗ ማን ተያዘ?»

«ሳያት።»

«ኤዬ! ድሮስ ጎበዝ ናት!»

 እትዬ በየነች ወደ ቡና ዋጋ ተሻገሩ። መኪናው ብዙ ከታጠፈ በኋላ ዲበኩሉ በመስኮት እያየ «ጎበዝስ ናት» አለ።

«ማን?» አሉት፤ ረስተውታል።

«ሳያት ናታ!» ብሎ ጮኸ፤ ሚኒባሱ ሁሉ ዞሮ አየው።