ሁለት ማጫወቻ፣ አንድ ሸክላ

ሰው ሲቸኩል ያናድደኛል፤ ማሽን ሲዘገይ ደግሞ ይብስብኛል። ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ልክ ያልሆነ ነገር አይዋጥልኝም። ተማሪዎቼ ከኋላዬ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ። ይበሉ።

አባቴ በጎረምሳነቱ፣ እናቴን ሳያውቃት፣ ከኪነት ቡድን ጋር አዲስ አበባ ሄዶ አንዲት ሸክላ አስቀርጿል። በማሲንቆ የተዘፈነች አንዲት ዘፈን ናት። ከዚያ ዘፋኝነቱን ትቶ ቡሬ ላይ እህል ነጋዴ ሆነ፤ ያቺን ዘፈን ግን እስኪሞት ድረስ ቤት ውስጥ ያንጎራጉራት ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ የእናቴ አንድ ጆሮ ተደፈነ። አምና ደግሞ ሐኪሙ ሁለተኛውም እየሄደ ነው አለን። ከሆስፒታሉ ወጥተን ባጃጅ ውስጥ እንደተቀመጥን እጄን ያዝ አድርጋ፣ «ሳይዘጋብኝ አንዴ ድምፃቸውን አሰማኝ፤ ሌላ የምሻው የለኝም» አለችኝ።

እናቴ ቤት ያለው የሸክላ ማጫወቻ በላስቲክ የሚሠራ ነው። ሞተሩ ዳር ሆኖ ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን በላስቲክ ይጎትተዋል፤ ላስቲኩ ደግሞ እንደ አሮጌ ቁምጣ ወገብ ላልቷል። ሸክላውን ብናስቀምጥበት ድምፁ እየተጎተተ፣ እየተንገዳገደ መጣ። እናቴ ከት ብላ ሳቀች። «እሳቸው ናቸው! ግን አባትህን ሰክረው ያየ ሰው ካለ ይምጣ!» አለች። ሳቋ ሲያልቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዞን መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ጓደኛ አለኝ። ላጤ ነው፤ ያገባው ማጫወቻዎቹን ነው እያልን እናሾፍበታለን። ሁለት አለው፤ ሁለቱም ላስቲክ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ሳህኑ የሚቀመጠው ቀጥታ ሞተሩ ላይ ነው። «ዳይሬክት ድራይቭ» ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል።

አንደኛው ከባድ ነው፤ ሳህኑ በሁለት እጅ ነው የሚነሳው። ፍጥነቱን እንደ እጅ ሰዓት ኳርትዝ ይጠብቅለታል። መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል አምፖሉ ይደበዝዛል፤ እሱ ወይ ፍንክች! ሸክላ ሲጫወትበት ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ፣ ጣቱ ማሲንቆው ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። ሁለተኛው ለጭፈራ ቤት የተሠራ ነው። ቁልፉን ስትነካው ብድግ ብሎ ይዞራል፤ ድምፁ ቀረብ ይላል፣ ግን ትንሽ ይደርቃል። በስተቀኙ ደግሞ ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ተንሸራታች ቁልፍ አለው። እሱን ሳይ ነደደኝ። «ልክ የሆነ ፍጥነት እያለ ማዛቢያው ምን ያደርጋል?» አልኩት። «ሰው ሁሉ በአንድ ምት አይጨፍርም» አለኝ። እንደ ቀልድ አለፍኩት።

ቅዳሜ በሱ መኪና ሁለቱንም ይዘን ቡሬ እናቴ ጋ ልንሄድ ተነሳን። የጓደኛዬን ግቢ ዘበኛ «የሸክላ ማጫወቻ ነው፣ አደራ፣ በደንብ ይጠቅልሉልን» ብለን ቁርስ በልተን ስንመለስ፣ ሰውየው እንደ ጠላ ጋን ሁለቱንም ጭድ ውስጥ ቀብረው ጠበቁን። «ሸክላ አላላችሁኝም እንዴ?» አሉ። ምን ይባላል? ለዘፈኑም ለጋኑም ቃሉ አንድ ነው። ቡሬ ደርሰን ከሳህኑ ሥር ጭድ ስንለቅም እናቴ በሳቅ ሞተች። «እኔም ሸክላ ነኝ፣ በጭድ ጠቅልሉኝ» እያለች ስታፌዝብን ቆየች።

ደህናውን ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ አድርገን አስቀመጥናት። ከባዱን አስነሳሁት፤ መርፌው ሸክላው ላይ አረፈ። ድምፁ ጥርት ብሎ ሲወጣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ጎበዝ ነው፤ ድምፁ መልካም ነው» አለች። «የማን ልጅ ነው?»

«እማዬ፣ አባዬ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ጩኸቱ ለጆሮዋም፣ ለንዴቴም ነበር።

«ይሄ ጢም ያላወጣ ልጅ? ያገባሁትን ሰው አንተ ልታስተዋውቀኝ ነው?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማሽኑ አልተሳሳተም። እሷም አልተሳሳተችም፤ ይህን ጎረምሳ አግኝታው አታውቅም። እሷ ያገኘችው ሰው የእህል አቧራ ድምፁን ያጎረነነው ነጋዴ ነበር። የሱ ድምፅ ደግሞ የትም አልተቀረጸም።

ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «በላላው ላስቲክ ጊዜ አውቃቸዋለች አላልከኝም?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ሸክላውን ወደ ጭፈራ ቤቱ ማጫወቻ አዛወረው። «ተው፣ ይሄ ማጭበርበር ነው» አልኩ። አልሰማኝም። ቁልፉን በጣቱ ወደ ዝቅታው አንሸራተተ። ድምፁ ትንሽ ወፈረ። አሁንም ትንሽ አንሸራተተ። ማሲንቆው ረጋ አለ፣ ጎረምሳው እያረጀ መጣ። በላስቲኩ ጊዜ እንደነበረው አልተንገዳገደም፤ ዝቅ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ።

እናቴ ቀስ ብላ ዞረች። አንድ እጇን አነሳች፤ ጓደኛዬ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ።

«መጡ?» አለች።

አባቴን በሕይወቱ ሙሉ አንተ ብላው አታውቅም። «ልጅ» ያለችው ሄዶ አንቱ የምትለው መምጣቱን ከዚህች አንዲት ቃል አወቅኩ። ፊዚክሴን ዋጥ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ዘፈኑ አጭር ነው። ሲያልቅ መርፌው ባዶው ላይ መንሿሿት ጀመረ። እናቴ እጇን ስፒከሩ ላይ አድርጋ፣ በር ላይ ቆሞ የሚሰናበትን ሰው እንደምትለምን፣

«ምነው? ዛሬ እንኳ አያድሩም?» አለች።

ጓደኛዬ አየኝ። ተነስቼ መርፌውን ወደ መጀመሪያው መለስኩት።