ማልያ የለበሰው ፈረስ

እንጅባራ ላይ ጉም ሲወርድ የኳስ ማሳያው ቤት ከመንገዱ ማዶ ይጠፋል፤ ድምፁ ግን ይሰማል። ከቀርቀሃ ግድግዳው ውስጥ የወንዶች ጩኸት ይወጣል፤ ጎል ይሁን ጠብ ከውጭ ለቆመ ሰው አይለይም። እዚያ ቤት የምገባ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። አስተማሪ ነኝ፣ ተማሪዎቼም የተማሪዎቼ አባቶችም እዚያው ይገኛሉ፤ ቢሆንም «ምን ትሠሪያለሽ?» ያለኝ የለም። የእሱ እህት ነኛ! ፊት ካለው አግዳሚ ላይ ቦታዬ ተጠብቆልኝ ይቆየኛል።

እሱ የምለው ታናሽ ወንድሜን ነው። ከዚሁ ከከተማችን ሜዳ ተነስቶ አዲስ አበባ ላለ ትልቅ ክለብ ይጫወታል፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተመርጧል። የከተማው ሰው ሌላ ጊዜ የእንግሊዝ ቡድን ይደግፋል፣ በእንግሊዝ ቡድን ይኳረፋል። እንግሊዞቹ ቡድናቸው ተሸንፎ እያለ ሻርፕ ዘርግተው ሲዘፍኑ ስናይ ግን ሁላችንም እንስቅ ነበር። ለተሸነፈ የሚዘፍን ሰው አይገባንም። እኛ የምንዘፍነው ለገደለና ለሞተ ነው፤ በመሐል ላለው ሰው የሚሆን ዜማ የለንም።

የደጋፊዎቹ አለቃ የቀርቀሃ አልጋ እየሠራ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው። ጨዋታ ሊጀመር ሲል ጋቢውን አደግድጎ፣ ዱላውን ነቅንቆ ይፎክራል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ልጆች የሚሰሙት ይመስል ቀረብ ብሎ ነው የሚፎክርላቸው። ወንድሜ ለብሔራዊ ቡድን መጀመሪያ በተሰለፈ ዕለት ይህ ሰው ብድግ ብሎ የአባታችንን የፈረስ ስም ሰጠው። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። እናቴ ስነግራት ግን ፊቷ ጠቆረ።

«የሞተ ሰው ስም ምን ያደርግለታል?» አለችኝ።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ዛሬ ከተማችን ውስጥ የሚጠራው የለም፤ እኔም አልጀምርም።

አባታችን ፈረሰኛ ነበር። አንድ ዓመት በበዓል ቀን፣ ጉግስ ላይ፣ ሕዝቡ የፈረስ ስሙን እየጠራ ሲጮህለት ወደ ሜዳው ዳር ጋለበ። ሜዳው ዳር ቦይ አለ። ልጓሙን መሳብ ይችል ነበር ይላሉ ያዩት ሰዎች። ስሙ እየተጠራ ልጓም የሚስብ ወንድ ግን እኛ አገር አልተወለደም። ፈረሱ ቦዩ አፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አባቴ አልቆመም። ለእናቴ መጀመሪያ የነገሯት «ትንሽ ወደቀ እንጂ ደህና ነው» ብለው ነው። በማግስቱ ያ ፈረስ ተጭኖ፣ የአባቴ ለምድና ጋሻ ከባዶ ኮርቻው ላይ ሆኖ፣ ከአስከሬኑ ፊት ፊት ተጎተተ። በአገራችን ፈረሰኛ የሚሸኘው እንዲህ ነው። እናቴ ደረቷን እየመታች ፈረሱን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተከተለችው። ከተዝካሩ በኋላ ዓይኑን ማየት አልቻለችም፤ ያ የቀርቀሃ አልጋ ሠሪ ገዝቶ ወሰደው።

ስለዚህ ወንድሜ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ መናኸሪያው በፉከራ ሲደምቅ እሷ ጆሮውን ይዛ የነገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ብቻ በሕይወት ና» አለችው።

ጨዋታው በነበረበት ሰሞን ኔትወርክ ከጠፋ ሰነባብቶ ነበር። ስልካችን ሰዓት ከማየት ሌላ ጥቅም አልነበረውም። ዲሹ ግን ይሠራል፤ ስለዚህ ከወንድሜ ጋር መነጋገር ባልችልም ላቡ ሲንጠባጠብ አየው ነበር። ይህ ራሱ ደስ አይልም። የምትወጂው ሰው እዚያ እየሮጠ፣ አንቺን የማያይሽ፣ የማይሰማሽ።

ብሔራዊ ቡድናችን ሰው አገር ነበር የሚጫወተው፤ አንድ ለዜሮ እየተመራን ነው። ሊያልቅ ሲል ኳሷ ከፍ ብላ ወደ ወንድሜ መጣች። ከፊቱ ግብ ጠባቂው ብቻ ነበር። ግብ ጠባቂው ጉልበቱን አስቀድሞ ዘለለ። ወንድሜ በግንባሩ ቢነካት ጎል ናት፤ አቻ ወጥተን እናልፍ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ሰበር አድርጎ ገለል አለ። ኳሷ በጎኑ አልፋ ወጣች።

ደጋግመው አሳዩት። ቀስ እያለ በሚሄደው ሥዕል ዓይኑን ሲጨፍን ይታያል።

«ሸሸ» አለ አንድ ሰው ከኋላዬ፣ ቀስ ብሎ።

እንደ ወትሯቸው ቢሳደቡ፣ ወንበር ቢሰባበር እመርጥ ነበር። ማንም አልተሳደበም። አንድ በአንድ ተነስተው ወጡ፤ ሲያልፉኝ አላዩኝም። አለቃቸው ብቻ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «አይዞሽ» አለኝ። ለሐዘንተኛ እንደሚባለው አድርጎ ነው ያለው። ቤቴ ስደርስ ትከሻዬ ቀዝቅዞኝ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እናቴ ከደጃፉ ላይ ድንች ትልጣለች፣ እኔ ልብስ አጣጥፋለሁ። ጉሙ አጥራችንን እንኳ ውጦታል። መጀመሪያ የኮቴ ድምፅ ሰማን፤ ከዚያ ሙሾ። ወንዶች ናቸው የሚያወርዱት። ከጉሙ ውስጥ የፈረስ ጭንቅላት ብቅ አለ። ሙሉ ተጭኗል፤ ኮርቻው ባዶ ነው። ኮርቻው ላይ የወንድሜ ማልያ ተነጥፏል፣ ቁጥሩ ወደ ላይ ሆኖ። ከኋላው ደጋፊዎቹ ሁሉ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ይከተላሉ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ የቁም ለቅሶ እያለቀሱለት ነው። ፈረሱን እየጎተቱ ሜዳውን ዞረው ሊበተኑ ነው፤ ቀልድ ነው። ግን አንድ ሰው እስኪስቅ ብጠብቅ የሚስቅ ጠፋ።

እነሱ ማለፍ ነበር የፈለጉት። ፈረሱ ግን ከደጃችን ሲደርስ ቆመ። አለቃቸው ልጓሙን ጎተተ፣ ኮረኮረው፣ በጆሮው ለመነው። አልነቃነቅ አለ። የአባቴ ፈረስ ነዋ፤ ያደገበት ቤት ነው፣ ደጁን አውቆታል።

እናቴ ቢላዋዋንና ድንቿን እንደያዘች ተነሳች። ፈረሱን አየችው፣ ማልያውን አየችው።

«በየት በኩል ነው የወደቀው?» ብላ ጠየቀች።

አለቃቸው ልጓሙን ለቀቀ። «ኧረ እማማ፣ ልጅዎ ደህና ነው! የኳስ ነገር ነው፤ ቀልድ ነው።»

«አባቱንም ደህና ነው ነበር ያላችሁኝ» አለችና ከፈረሱ እግር ሥር ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ይቸግራል። እኛ ዘንድ የሞት ወሬ ፊት ለፊት አይነገርም። መጀመሪያ ደህና ነው ይባላል፣ ከዚያ ትንሽ አሞታል ይባላል፣ ከዚያ ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው ያረዳሉ። እናቴ ይህን ሥርዓት በራሷ ላይ አይታዋለች። ስለዚህ «ደህና ነው» ባልናት ቁጥር ልጇ ይበልጥ እየሞተባት ሄደ። እኔ በመስቀል ማልኩላት፤ መማሌን እንደ ማስረጃ ያዘችብኝ። በቴሌቪዥን በእግሩ ሲሄድ አይቼዋለሁ አልኳት። «ከዚያስ በኋላ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ደጋፊዎቹ ጥፋታቸውን ሊያርሙ ሽማግሌ ላኩ። በቅን ልብ ነው። እነዚያ ደግ ሰዎች ነገሩ ቶሎ እንዲበርድ ብለው በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ከደጃችን ተሰለፉ። ልጅሽ በሕይወት አለ ሊሏት ነበር የመጡት። እናቴ በሩን ከፍታ በማለዳ የቆሙ ሽማግሌዎች ስታይ አንዲት ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ ወደቀች። ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እኛ አገር ጩኸት ሰምቶ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ አብሮ ያለቅሳል። ረፋድ ላይ እድሩ ድንኳን ተክሎ ነበር።

ድንኳን አንዴ ከተተከለ ደግሞ ሬሳ የለም ብሎ የሚያፈርሰው ሰው አይገኝም። ንፍሮ ተቀቀለ። እናቴ ፀጉሯን ተላጨች፣ ጥቁር ለበሰች፣ በአገውኛ የምታወርደው ሙሾ ከአዘና ድረስ የመጡትን ዘመዶቻችንን አንጀት ይበላ ነበር። የወንድሜን ፎቶ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አቁመው ማልያውን ከሥሩ አነጠፉለት። ደጋፊዎቹም መጥተው ተቀመጡ። ከሁሉ የከበደኝ የእነሱ ነገር ነው። አንዱ ያገባውን ጎል ማውራት ጀመረ፣ ሌላው በልጅነቱ በባዶ እግሩ እንዴት ያታልል እንደነበር። አለቃቸው ተነስቶ ፎከረለት፤ እንዲህ አሳምሮ ፎክሮ አያውቅም። «ሸሸ» የሚለው ቃል አንድም ሰው ትዝ አላለውም። ሞቶ ታርቀውት ነበር። ስሰማ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ አስፈራኝ።

አለቃቸውን ከድንኳኑ ጀርባ ጠራሁት።

«እውነቱን ንገረኝ፤ የሰማችሁት ነገር አለ?»

«በልጆቼ ይሁንብኝ የለም!» አለኝ። ከዚያ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺስ? አንቺ የሰማሽው አለ እንዴ?»

ነገሩን የጀመረው ሰው ራሱ ተጠራጥሯል ማለት ነው። ስልኬን አወጣሁና ደወልኩ፤ ምንም ድምፅ የለውም፣ ጥሪ አይደል፣ ማሽኗ ሴትዮ እንኳ አትናገርም። ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት አለቀስኩ። ወንድሜ ሞቷል ብዬ ያለቀስኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነው።

እሱ የመጣው ለቅሶው እየሳሳ ሄዶ ዘመድ ብቻ በቀረበት ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ጉሙ እንደገና ወርዶ ነበር። የባጃጅ ድምፅ መጥቶ ቆመ፤ ከዚያ የወንድ ለቅሶ ከመንገዱ ላይ ተሰማ።

«እናቴን! እናቴን!»

ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ መስሎን እንደ ወጉ ብድግ አልን። ከጉሙ ውስጥ ወንድሜ ወጣ። ደረቱን እየደቃ፣ ዓይኑ አብጦ፣ ማንንም ሳያይ። ሹፌር የሆነ የአገራችን ሰው ድንኳኑን አይቶ አዲስ አበባ ሲደርስ «ቤታችሁ ለቅሶ አለ፣ ድረስ» ብሎታል፤ ማን እንደሞተ አያውቅም፣ ቢያውቅም አይናገርም። ወንድሜም ቤት ውስጥ በዕድሜ የገፋችው እናታችን ስለሆነች የሞተችው እሷ ናት ብሎ ነው የገሰገሰው። ይህን ሁሉ የነገረን በኋላ ነው።

የሚያለቅስ ሰው እንዳይወድቅ ይያዛል። እሱን የያዘው የለም። አለቃቸው «በስመ አብ» እያለ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አግዳሚውን ገለበጠ። ሰዎቹ ግራና ቀኝ ሸሽተው መንገድ ለቀቁለት። የእኔም እጅ አልታዘዝ አለኝ፤ ብነካው ይቀዘቅዘኛል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ያፈሩበት መሰለው፤ አንገቱን ደፍቶ በመሐላችን አለፈ። ድንኳኑ ውስጥ ገባ፣ ፎቶውን አየ፣ ማልያውን አየ። ከዚያ መሬት ላይ ጥቁር ለብሳ የተቀመጠችውን አየ።

«እማ?» አለ። «ማነው የሞተው?»

እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ቅረብ» አለችው። ተንበረከከ። ግንባሩን ዳበሰችው፣ ቅንድቡን፣ ጥርሱን በአውራ ጣቷ፣ የአንገቱን ሥር። አንገቱ ላይ እጇን ብዙ ጊዜ አቆየችው።

«ምን ሆነህ ነበር?» አለችው።

ወንድሜ ዞሮ ሰዎቹን አያቸው፤ ሁሉም ማሳያው ቤት አብረውኝ የነበሩ ናቸው። ከዚያ ለእናቴ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ መለሰላት።

«ሸሸሁ፣ እማ። ጉልበቱ ሲመጣብኝ አባዬ ትዝ አለኝ። ሸሸሁ።»

እናቴ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እንኳን ሸሸህልኝ!» አለች። «እንኳን ሸሸህልኝ የኔ ልጅ!»

ከተላጨ ጭንቅላቷ ላይ ጥቁሩን ነጠላ ጣለችና በለቅሶው ድንኳን ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው። የተቀበላት አልነበረም። ወንዶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ብቻዋን እልል አለች፣ ደገመች፣ ድምጿ ሰለል አለ። ያኔ እኔ ተቀበልኳት።