ለሙሽራው መኪና የተቀዳው ነዳጅ

ባለፈው ወር አንድ ጎረምሳ መሬት ልትስም የደረሰች ዝቅተኛ ቀይ መኪና ይዞ ጋራዤ ገባ። የነዳጅ መክደኛዋን ከፍቶ ውስጡ የተለጠፈውን ጽሑፍ እያሳየኝ፣ «እትዬ ሰብለ፣ ይህቺ ከዘጠና አምስት ኦክቴን በታች አትቅዱብኝ ትላለች። ማደያው ያለው ደግሞ አንድ ዓይነት ቤንዚን ነው፤ እሱም ከተገኘ። ምን ላድርግ?» አለኝ። ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ እንዳይረግጥባት ነግሬው ልሸኘው ስል፣ «አንድ ሰው የአውሮፕላን ነዳጅ ቀላቅልበት ብሎኛል» ብሎ ጨመረ። የያዝኩትን መፍቻ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ጮህኩበት። ልጁ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው መኪናውን አዙሮ ወጣ። ማታውኑ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ለምን እንደጮህኩበት ግን በስልክ የሚነገር ነገር አልነበረም።

አባታችን ጋራዡን የከፈተው ሐረር፣ ከፈላና በር ወጣ ብሎ፣ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ግቢ ነው። ቅድመ አያቱ ከሸዋ በወታደርነት መጥተው ሐረር የቀሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ የእኛ ቤት ሰው ወይ ጸሐፊ ወይ ወታደር እንጂ እጁን ዘይት ውስጥ ነክሮ አያውቅም ነበር። አባባ ግን ዕድሜውን ሙሉ የታክሲ ፔጆ ሲፈታና ሲገጥም ኖረ። እኔን ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስገባኝም እሱ ነው። በክፍሉ ብቸኛዋ ሴት ሆኜ አውቶ መካኒክ ተማርኩ፤ በተመረቅሁ በዓመቱ አባባ ሞተና ጋራዡ ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ለንጉሤ ቀረ።

ጋሼ ንጉሤ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። እጁ መልካም ነበር፤ ይህን አልክድም። ሞተር ከሩቅ ሰምቶ የቱ ቫልቭ እንደላላ ይናገራል። ትምህርቱ ግን ከሰባተኛ ክፍል አላለፈም። አባባ ግድግዳው ላይ የሰቀለልኝን ዲፕሎማ አርባው በወጣ ማግስት አውርዶ በቦታው የጎማ ሻጭ ካላንደር ሰቀለበት፤ እኔንም ከመለዋወጫው መደርደሪያ ኋላ አስቀመጠኝ። ቱታ ለብሼ ብቅ ካልኩ ደንበኞች ፊት፣ «ሂጂ፣ ሻይ አስመጪ» ይለኛል። አንድ ቀን መኪና ሥር ተኝቼ ስሠራ እግሬን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ። «ቀሚስሽን አጥልቂ። የአባቴን ስም መሳቂያ አታድርጊው» አለኝ። «አባታችን» አላለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላሁት። ምሳ ከአንድ ትሪ ስንበላ እንኳ እጃችን እንዳይነካካ ሁለታችንም እንጠነቀቅ ነበር። የወንድምና የእኅት ጥላቻ ከባዕድ ጥላቻ የሚብሰው ለዚህ ይመስለኛል፤ ስትጠላውም አብረኸው ትበላለህ።

ናጂብ ከጅዳ የተመለሰው በበጋ፣ ነፋሱ ከኤረር ሸለቆ በኩል ትኩስ አቧራ በሚያመጣበት ወር ነው። የጀጎል ልጅ ነው፤ ሊያገባ መጣ። መኪናዋ በጅቡቲ ወደብ በኩል ገባች፤ ባለ ሁለት በር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሞተሯ ቱርቦ ያለው። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ባቆማት ቀን ታክሲ ነጂዎቹ ፔጆአቸውን ትተው ከበቧት። ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሴትዮ ሳትቀር ዘይቷን እሳት ላይ ትታ መጥታ አይታታለች። ከአደባባዩ ወዲያ ያሉት የጀጎል መንገዶች ግን እንኳን መኪና የተጫነ አህያም አያሳልፉም። ስለዚህ ናጂብ በየማታው እኛ ግቢ ያሳድራት ነበር። ጨዋ ልጅ ነበር። ሲገባ ከወንድሜ እኩል እኔንም ሰላም ይለኛል።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ጋሼ ንጉሤ ምሳ ላይ ነበር።

«ወላሂ ሰብለ፣ ዳገት ላይ ስረግጣት ጠጠር ጣሳ ውስጥ እንደሚንቀጫቀጭ ትጮሃለች» አለኝ።

የነዳጅ መክደኛዋን ከፍቼ ጽሑፉን አነበብኩለት። «ኦክቴን ማለት ነዳጁ ሲጨመቅ ምን ያህል እንደሚታገሥ የሚናገር ቁጥር ነው» አልኩት። «ያንተ ሞተር በቱርቦ አየር እያፈነ አጥብቆ ይጨምቃል። እኛ አገር ማደያ ያለው ቤንዚን ያን ያህል አይታገሥም፤ ካንዴላው ሳይለኩሰው በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። የምትሰማው ጠጠር እሱ ነው፤ ፒስተኑን እየመታው ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ከጅቡቲ የተሻለ ቤንዚን እስክታስመጣ ዳገት ላይ አትርገጣት። እንደ ፔጆ ከነዳሃት የፔጆው ነዳጅ ይበቃታል።»

ናጂብ ፈገግ አለ። ሐሳቡ የተዋጠለት ይመስለኛል። ግን ጋሼ ንጉሤ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል።

«ሰውየው በዚህች መኪና ከድሬዳዋ ሙሽራ ሊያመጣ ነው፤ አንቺ እንደ ፔጆ ንዳት ትያለሽ?» አለ። ከዚያ ወደ ናጂብ ዞረ። «እሷ የምታውቀው መጽሐፍ ነው። እኔ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ የማውቀው ሰው አለ። የአውሮፕላን ነዳጅ አስመጣልሃለሁ። አውሮፕላን ያነሣ ነዳጅ ያንተን መኪና ያቅተዋል?»

«ጋሼ፣ የአውሮፕላን ነዳጅ እኮ ሁለት ዓይነት ነው...» ብዬ ስጀምር አቋረጠኝ።

«አፍሽን ዝጊ። የመደርደሪያሽን ጎሚኒ ቆጥረሽ ጨርሰሻል?»

ጓደኞቹ ሳቁ። ናጂብም ሳቀ። የወንድሜን ስድብ ለምጄዋለሁ፤ የናጂብ ሳቅ ግን እንደ ፍም ወደቀብኝ። ያላስጨረሰኝ ነገር ይህ ነበር፤ ካንዴላ ያላቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚቀዱት ጥሩ ቤንዚን ነው፤ ትልልቆቹ ጄቶች ግን የሚያቃጥሉት ከላምባ የማይለይ ነገር ነው። ላምባ ደግሞ መጨመቅን ከማደያው ቤንዚን እጅግ ያነሰ ይታገሣል።

ጀሪካኑ ቅዳሜ ማታ ከድሬዳዋ መጣ። ሠርጉ እሑድ ነው። ጠዋት ጋሼ ንጉሤ ጠራኝና ከግማሹ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ገልብጬ የማደያው ቤንዚን የቀረበት ታንከር አፍ ላይ እንድይዝለት አዘዘኝ። ሲያንቆረቁር ነዳጁ እጄ ላይ ፈሰሰ። ቤንዚን እጅ ላይ ሲፈስ ያቀዘቅዛል፤ ሳትጠርገው ይተናል። ይህ አልተነነም። ቅባቱ ጣቶቼ መካከል ቀረ። አሸተትኩት። ልጅ ሆነን መብራት ሲጠፋ እናታችን የምታበራው ኩራዝ ሽታ ነው። ላምባ።

አፌን ከፈትኩ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ምን ትገተሪያለሽ? እጅሽን ጠርገሽ ወደ መደርደሪያሽ» አለኝ። አፌን ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ ጊዜ አልነበረኝም ማለት አልችልም። ናጂብ ነጭ ሱፍ ለብሶ፣ ሽቶው ግቢውን ሞልቶት መጣ፤ ቆሞ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጣ። ሻዩ ትኩስ ስለነበር እፍ እያለ ነው የጠጣው። እኔ ከመደርደሪያው ኋላ ሦስት እርምጃ ርቄ ነበር። ሲወጣ አንድ እፍኝ ከረሜላ ሰጠኝና፣ «ሰብለ፣ ዱዓ አድርጊልን» አለኝ። «መልካም ጋብቻ ይሁንላችሁ» አልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ስለ ሙሽራዋ አላሰብኩም። ስለ ናጂብም ብዙ አላሰብኩም። ይታየኝ የነበረው መኪናዋ ስትቆም የወንድሜ ፊት ነው። ጋሼ ንጉሤ ከአጃቢዎቹ ጋር ፒካፕ ላይ ተሳፍሮ ተከትሎት ሄደ። እኔ ወደ ፈረስ መጋላ ወጥቼ ፉል አዘዝኩ፤ ቃሪያና ሽንኩርት የበዛበት፣ ዘይቱ ላዩ ላይ የተኛ። ሳህኑን በዳቦ ጠርጌ ጨረስኩ። ደስ ብሎኝ ነው የበላሁት።

የሆነውን በኋላ የፒካፑ ሹፌር ነገረኝ። ወደ ድሬዳዋ ቁልቁለት ስለሆነ በሰላም ወረዱ። ሙሽራዋን ይዘው የደንገጎን ዳገት መውጣት ሲጀምሩ ጠጠሩ ጮኸ። ከኋላ ያሉት አጃቢዎች ጥሩንባ ይነፋሉ፤ ናጂብ አፍሮ ይረግጣል። አንዱ ጠምዛዛ ላይ ሞተሩ እንደ ጥይት ጮኾ ነጭ ጭስ ለቀቀና ቆመ። መኪናዋ ወደ ኋላ፣ ወደ ገደሉ መንሸራተት ጀመረች። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ይደነድናል፤ ናጂብ በሁለት እግሩ ቢቆምበትም እየተንሸራተተች ነበር። ከፒካፑ ዘሎ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ የወሸቀው ጋሼ ንጉሤ ነው። እጁ ተልጦ መጣ። ሙሽራዋ ሰሚራ አስፋልቱ ዳር ቆማ የጫት አይሱዙዎች አቧራ እያለበሷት አለቀሰች፤ ከዚያ በሽንኩርት ጆንያ በተሞላ ሚኒባስ ተሳፍራ ሐረር ገባች።

ሞተሩ ሲፈታ አንደኛው ፒስተን ተበስቷል።

በአራተኛው ቀን የናጂብ አጎት ሐጂ ዩሱፍ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ጋራዡ መጡ። ናጂብ ሰላም ሳይለን በሩ ላይ ቆመ። ጋሼ ንጉሤ መኪናዋ ከጅቡቲ ስትመጣ ጀምሮ የታመመች እንደነበረች አስረዳ። የጠበቅሁት ሰዓት ደረሰ። ተነሣሁ፤ ጀሪካኑ ውስጥ የቀረችውን ነዳጅ አምጥቼ በሐጂ ዩሱፍ መዳፍ ላይ አፈሰስኩ።

«ያሽትቱት ሐጂ። ይህ ላምባ ነው። ወንድሜ ቤንዚንና ላምባ አይለይም።»

ሐጂ አሽትተው ራሳቸውን ነቀነቁ። የወንድሜን ፊት አየሁት፤ ያ የናፈቅሁት ፊት አመድ መስሏል። ሐጂ ዩሱፍ ግን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም።

«አንቺ መቼ አወቅሽ፣ ልጄ?»

ይህን ጥያቄ አላሰብኩበትም ነበር። «ጠዋት» አልኩ። «ሲቀዳ።»

«ናጂብ ከመሄዱ በፊት?»

«አዎ።»

«ሱብሃነላህ» አሉ በለሆሳስ። መዳፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ወንድምሽ ያጠፋው ሳያውቅ ነው። ያንቺን ምን እንበለው?»

ጋሼ ንጉሤ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም፤ እኔ ማን እንደሆንኩ ገና ያን ዕለት ያወቀ ይመስል ነበር። ናጂብ ግቢውን ለቅቆ ወጣ።

ሽማግሌዎቹ ወንድሜ ሞተሩን አድሶ እንዲያስረክብ፣ እኔ ደግሞ ሰሚራን በአካል ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቅ ወሰኑ። በማግስቱ ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ጀጎል ገባሁ። ሰሚራ ቀይ የተቀባው መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ ላይ የሠርጉ ሒና ገና አልደበዘዘም። ተቀመጪ አላለችኝም። ይቅርታዬን እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እኔ ምን አድርጌሽ ነበር?» አለችኝ።

«ምንም። ስላንቺ አላሰብኩም ነበር» አልኳት። እውነቱ ይኸው ነው።

«ይሄ ይብሳል» አለችና ፊቷን አዞረች።

አንዲት አሮጊት መጥተው በሩን ከፈቱልኝ።

ከወንድሜ ጋር ግቢውን በቆርቆሮ አጥር ለሁለት ከፈልነው። በእሱ በኩል እሱ፣ በእኔ በኩል እኔ ሠራን። መዶሻው ሲመታ እሰማለሁ፤ እሱም የእኔን ይሰማል። ሃያ ዓመት ሙሉ በዓል ሲሆን በልጆቹ በኩል ሰላምታ እንላላካለን እንጂ አልተነጋገርንም። መጠላቱ ስለተገባው ብቻ የጠላሁት ይመስለኝ ነበር። የማይሰማ ሰው ፊት ዝም ማለት መብቴ ነው ብዬም ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ግን ያን ጠዋት የምናገረው ለእሱ ብቻ አልነበረም። ሻይ እፍ እያለ የሚጠጣ ሰው ሦስት እርምጃ ርቆኝ ቆሞ ነበር።

ዘንድሮ ጋሼ ንጉሤ ኩላሊቱን ታመመ። ሚስቱ ደወለችልኝና ሄድኩ። ከስቷል፤ ያ መፍቻ እንደ ማንኪያ የሚያሽከረክር እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ያን ቀን ብትነግሪኝም እኔ አልሰማሽም ነበር» አለኝ ድንገት። የትኛውን ቀን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ከእሱ አፍ የሚወጣ ይቅርታ ከዚህ እንደማያልፍ ዐውቃለሁ፤ ተቀብዬው ማለፍ እችል ነበር።

«ዐውቃለሁ ጋሼ። ግን አልነገርኩህም» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ ነበር፤ እንዳልተኛ ግን መንጋጋው ይናገራል። ሚስቱ ሾርባ ይዛ ስትገባ ተነሣሁ። «ነገ ትመጪያለሽ?» ያለችኝ እሷ ናት፤ እሱ አልጠየቀኝም። በማግስቱ ሄድኩ። እስካሁንም በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ፤ ብዙ ግን አናወራም።