ጊታሬን ማን ዝም አሰኘው

ስናደድ ዕቃ በቀስታ መያዝ አልችልም። ያን ቀንም የጊታሬን የጀርባ ክዳን ስፈታ ካቻቢቴው እያዳለጠኝ ቀለሙን ጫረው። ይጫር። አባቴ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ አንድም ነገር ሳይሰማ ተመልሷል፤ ከዚህ በላይ ምን ሊበላሽ?

አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ ፓዌ የሰፈረ ገበሬ ነው። ጊታር መማሬን የሰማ ቀን «በእኔ ቤት አዝማሪ አልተወለደም» ብሎ ተቆጣኝ። አሶሳ የመንግሥት ሥራ ይዤ፣ በእረፍት ቀኔ ከሰርግ ባንድ ጋር መጫወት ስጀምርም ልቡ አልራራም። በስልክ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቀኛል፤ ስለ ጊታሩ ግን ትንፍሽ አይልም። ታዲያ የአክስቴ ልጅ አሶሳ ውስጥ ስታገባ፣ የሚጫወተው የእኛ ባንድ መሆኑን እያወቀ «እመጣለሁ» አለኝ። ከፓዌ አሶሳ መምጣት ቀልድ አይደለም። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጠያይቆ፣ መኪና ቀያይሮ፣ መሀል ላይ አድሮ ነው የደረሰው። ደርሶም ከኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር አልተቀመጠም፤ ፊት ለፊቴ፣ ስፒከሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ጀመርን። የጊታሬ ድምፅ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ሆነብኝ። የድምፅ ማስተካከያውን እስከ ጥግ አዞርኩት፤ ምንም። አምፕሊፋየሩን ጨመርኩ፤ ሽሽ የሚለው ድምፅ በረታ እንጂ ጊታሩ አልወጣም። በርታኛ አፉን የፈታው፣ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» የሚለው ከበሮ መቺያችን ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ ጊታር ምን ሆነ? አንተ ትመታለህ፣ ድምፅ የለም» አለኝ። የባንዱን አለቃ፣ ኪቦርድ የሚጫወተውን፣ በዓይኔ ተማጸንኩት። እሱ ፈገግ ብሎ ቀጥይ የሚል ምልክት በእጁ ሰጠኝ። የእሱ ኪቦርድ አዳራሹን ሞልቶታል።

ከሰዓቱን ሙሉ አባቴ ጣቶቼ ሲሯሯጡ ዐየ። ስሸኘው ጉንጬን ሳመኝና «ልብስሽ ያምራል» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ግን ልጄ፣ ያንቺ ነገር አልተሰማኝም። ለታይታ ነው እንዴ የቆምሽው?» አለ። ሊያስቀይመኝ ብሎ አልነበረም፤ የምሩን ነው የጠየቀኝ። ያ ነው አንጀቴን ያሳረረው።

በእኛ ባንድ ልማድ ዕቃ ሁሉ የሚያድረው አለቃው ቤት ነው። ጄኔሬተሩም መኪናውም የእሱ ነው፤ ጊታሬን ይዤ ልግባ ብል እንዳላመንኩት ይቆጠርብኛል። ያን ሳምንት ግን ላስጠግነው ብዬ ወሰድኩት።

መጀመሪያ ገመዱን ቀየርኩ። ያው ነው። ሰው ለምኜ በሌላ አምፕሊፋየር ሞከርኩት። አሁንም ያው። እንግዲህ ችግሩ ጊታሩ ሆድ ውስጥ ነው ማለት ነው። የአሶሳ አቧራ ገብቶበት ቢሆን ማስተካከያው ሲዞር ይንኮሻኮሽ ነበር፤ ይሄ ግን ለስላሳ ነው። ሽቦ ተላቆ ቢሆን ድምፁ ይመጣል ይጠፋል። ይሄ አይመጣም አይጠፋም፤ ታንቆ ነው የሚወጣው። ክዳኑን ያነሳሁት ያኔ ነው።

ከማስተካከያው ተነስቶ ገመዱ ወደሚሰካበት ጃክ የሚሄደው ሽቦ መሀሉ ላይ ተቆርጧል። በተቆረጠው ቦታ ሬዚስተር ገብቷል፤ የኤሌክትሪኩን ጉሮሮ ይዞ በትንሽ በትንሹ የሚያሳልፍ ቁራጭ ዕቃ ነው። በስታኞ ጥሩ ተደርጎ ተበይዶ በቀይ ናስትሮ ተጠቅልሏል። ዕቃዬ ከሰው ዕቃ እንዳይቀላቀል እያለ ገመዱን ሁሉ በቀይ ናስትሮ የሚጠቀልል አንድ ሰው ነው የማውቀው።

ክዳኑን እንኳ ሳልመልስ አለቃው ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ዐይኑን እንኳ አልሰበረም። «ተረጋጊ» አለኝ። እኔ ነኝ የምረጋጋው! «ሰርግ ላይ ሰው የሚጨፍረው በኪቦርድ ነው። ቀንሺ ስልሽ ትቀንሽና ዞር ስል ትጨምሪያለሽ፤ ምን ላድርግ? ደግሞስ ምን ጎደለሽ? ጊታር የምትመታ ሴት አለቻቸው ብለው አይደል የሚጠሩን?»

«አባቴ መጥቶ ነበር» አልኩት።

«ታዲያ አይቶሻል አይደል?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ጎረቤቱ ሰምቶታል፣ ይበቃል። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ፊት ለፊት ይጩህብኝ፣ ከባንዱ ያባርረኝ፣ ይሁን። አብሮኝ እየበላ፣ በአንድ መኪና እየሄደ፣ አምኜ ያሳደርኩትን ዕቃ ሆዱን ከፍቶ ድምፄን ማነቅ ምን የሚሉት ነው? ለታይታ የምትቆም ሌላ ሰው ፈልግ ብዬው ጊታሬን ይዤ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ሬዚስተሩን ነቀልኩት። ሽቦውን መልሼ በየድኩ። ንዴቴ ስላልበረደ ስታኞው አላማረም፤ ግን ያዘ። ከሰው የለመንኩትን አምፕሊፋየር ሰክቼ ለአባቴ ደወልኩ። ማሳ ላይ ነበር፤ ነፋሱ ይሰማኛል።

«አባ፣ ስልኩን እንዳትዘጋው» አልኩትና ስፒከሩ ፊት አስቀመጥኩት። ድሮ ማሽላ ሲያርም ያንጎራጉራት የነበረችውን ዜማ መታሁለት። የቆርቆሮ ጣሪያው ነዘረ። ከውጭ ውሻ ጮኸ። ጨርሼ ስልኩን አነሳሁ።

«አባ፣ ተሰማህ?»

«ኧረ ጆሮዬን፣ ልጄ» አለ፤ ድምፁ ሳቅ ሳቅ ብሎታል። «ድገሚያት እስቲ። ግን ትንሽ ቀንሺው።»

ደገምኳት። እጄ ማስተካከያው ላይ ነበር፤ አልቀነስኩም።