ያልተፋቀ ቀለም

ፊውዝ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የጋራዡ ሰዎች ናቸው፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ቶሎ ስለሚቃጠልም ነው። ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ዛሬም ደንበኛ «መቼ ያልቃል?» ብሎ ሁለቴ ከጠየቀው ፒንሳውን ወርውሮ ይወጣል። ደንበኛውም አይሄድም፤ የት አባቱ ይሄዳል? እንደ እሱ የሽቦ በሽታ የሚያውቅ ሰው በአካባቢው የለም። አንድ ሰው ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ሠርተዋል። ታናሽየው ዝምተኛ ነው፤ ቢነግሩት ይሰማል፣ ቢሰድቡት ይስቃል። ሥራቸው ከሩቅ ይለይ ነበር። ፊውዝ የቀጠለውን ሽቦ በጥቁር ቴፕ ይጠቀልላል፣ ታናሽየው በሰማያዊ። ትልቁ ጭቅጭቃቸው ግን ማሳ ላይ ነበር። የሙያው ሰዎች ማሳ የሚሉት ከመብራቱ ወጥቶ በመኪናው ብረት ላይ የሚታሰረውን ሽቦ ነው፤ እሱ ካልያዘ ባትሪው ቢሞላም፣ አምፖሉ አዲስ ቢሆንም ከንቱ ነው። ታናሽየው ማሳ ከማሰሩ በፊት ቀለሙን ይፍቃል፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ይፍቃል።

«ገበሬስ ማሳውን ሳያርስ ይዘራል እንዴ፣ ወንድም ጋሼ?» ይላል እየሳቀ።

«ዝም ብለህ ቡሎኑን አጥብቀው፤ እሱ ራሱ ቀለሙን ነክሶ ይገባል» ይላል ፊውዝ። ለመፋቅ ትዕግሥት ከየት አባቱ ይምጣ!

ከሰባት ዓመት በፊት የአንድ አሸዋ ነጋዴ ፒካፕ የፊት መብራቷን ሠርተውላት ሄደች። በወሩ፣ ማታ መንገድ ላይ፣ የግራ መብራቷ ድርግም አለና ቦይ ውስጥ ገባች። ነጋዴው እጁን በጀሶ አሳስሮ መጣና ጋራዡን በጩኸት ሞላው። ሰው ተሰበሰበ። ፊውዝ ሰው ፊት ሲሆን ይብስበታል።

«የፊቱን መብራት የሠራው እሱ ነው!» ብሎ ወንድሙን በጣቱ አሳየ።

«ወንድም ጋሼ፣ ፍታውና እየው» አለ ታናሽየው፣ ቀስ ብሎ።

«ምኑን ነው የማየው? ሰው ልትገድል ነበር እኮ!»

ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። ነጋዴው ፒካፑን ጎትቶ ሌላ ጋራዥ ወሰደ፤ ወሬው ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ታናሽየውን መኪናዬን ንካልኝ የሚል ጠፋ። በሳምንቱ መሣሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሌላ ከተማ ሄደ። ፊውዝ አልደወለም። «ታናሽ እሱ ነው፣ ይደውል» አለ። ዓመት አለፈ፣ ስድስት ዓመት አለፈ። አምና ታናሽየው በጉበት በሽታ ሞተ፤ ፊውዝ የደረሰው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መቃብሩ ላይ ብዙ ጮኸ።

ባለፈው ሰኞ አንዲት ዳቦ አከፋፋይ አሮጌ አረንጓዴ ፒካፕ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ፍሬቻ ሳበራ የግራው መብራት ይደክምብኛል። እኔ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ነው የምወጣው። አንድ ቀን ሰው እንዳልገጭ ፈራሁ።»

ፊውዝ ጋቢና ገብቶ መብራቱን ሊያበራ ሲል እጁ ቆመ። ከመሪው በስተቀኝ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ስንጥቅ ያውቀዋል። አረንጓዴ ይቀቧት እንጂ፣ የአሸዋ ነጋዴው መኪና ናት።

ወረደ። አምፖሉን ለወጠ፤ ያው ነው። ወደ አምፖሉ የሚመጣውን ሽቦ ለካ፤ የባትሪውን ኃይል ሳያጎድል ሙሉውን ይሰጣል። ከባትሪው ኔጌቲቭ አንድ ቁራጭ ሽቦ ስቦ የመብራቱ ማሳ ላይ ሲያስነካው መብራቱ ቦግ አለ። ማሳ ነው። ዋናው የት እንደታሰረም ያውቃል፤ ከባትሪው ሥር። ያ ሌላው ጋራዥ እሱን መፍታት ሰልችቶት ከላይ ሌላ ቀጭን ሽቦ ደርቦበት ነበር፤ አሁን እሱም ዝጎ ተበጥሷል።

ፊውዝም እንደነሱ አንድ ሽቦ ደርቦ በአምስት ደቂቃ መገላገል ይችል ነበር። ፈራ። ከሥር የወንድሙን ሰማያዊ ቴፕ ቢያገኝ፣ ፊውዝ ሰባት ዓመት ሙሉ ልክ ነበረ ማለት ነው። ባያገኝስ?

«ምነው ጋሼ፣ ከባድ ነው እንዴ?» አለች ሴትዮዋ።

«ቀላል ነው፣ እህቴ» አለና ባትሪውን አነሳ።

ቴፑ ጥቁር ነበር።

ቡሎኑን ፈታ። ከሥሩ የፋብሪካው ቀለም ቁጭ ብሏል፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተፋቀም። ዳር ዳሩን ዝገት በልቶታል። ያኔ ሁሉም መጣለት፤ መብራቷን በሠሩላት ቀን እናታቸው ታማ ታናሽየው የግራውን ማሳ ሳያስር ክሊኒክ ሊወስዳት ሮጠ። «እኔ እጨርሰዋለሁ፣ ሂድ» ያለው ራሱ ፊውዝ ነው። ጨረሰው።

ቀለሙን ፋቀው። ብረቱ ነጭ ከሆነ በኋላም መፋቁን አልተወም። ከወንድሙ መሳቢያ ሰማያዊ ቴፕ አውጥቶ ጠቀለለው፣ አዲስ ቡሎን አሰረበት። ሴትዮዋ መብራቱን አይታ «እጅህ ይባረክ!» ስትለው ፊቱን አዞረ።

ቤት ሲገባ እናቱ ጓዳ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ዝገታሙን ቡሎን በእጁ ጨብጦ ፊቷ ቆመ።

«እማዬ፣ ማሳው የእኔ ነበር።»

ቀና አላለችም። «አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ምን?»

«የሄደ ዕለት ነግሮኛል። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነው የሄደው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።»

«እንዴት ትተይኛለሽ? እሱ በሕይወት እያለ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ!»

«‹ወንድም ጋሼ ሰው ሲነግረው አይወድም› አለኝ። ‹ያቺ መኪና አንድ ቀን ትመለሳለች፤ ራሱ ፈቶ ያየውና ይደውልልኛል› አለኝ።» ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። «እዚያ ሄጄ ባስታመምኩት ጊዜ ስልኩ አርጅቶ መስማት ስላስቸገረው ሌላ ልግዛልህ አልኩት። ‹ግዢልኝ፣ ቁጥሩን ግን እንዳትቀይሪብኝ› አለ። ‹ወንድም ጋሼ የያዘው ይሄን ነው።›»

ፊውዝ እዚያው ደጃፉ ላይ ዘፍ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እናቱ ተንፏቅቃ ሄዳ ጣቶቹን አንድ በአንድ ስትፈታቸው፣ ቡሎኑ መዳፉ ላይ ታትሞ ነበር።