ጥፋታችንን የተሸከመው ሰው

ግጭቱ የደረሰው ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት፣ ማለዳ ላይ ነው። አማኑኤል ካለው ቤታችን ተነስተን ሸማ ተራ ወዳለው ሱቃችን እየሄድን ነበር። የበዓል ሰሞን ስለሆነ የኋላው ወንበር ከሸማኔዎች በተረከብናቸው ነጠላዎች ታጭቋል። አባቴ ይነዳል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ነጠላ ላዘዘችኝ ደንበኛ በስልክ መልስ እጽፋለሁ።

መብራት የሌለው አንድ መስቀለኛ መንገድ አለ። እዚያ ስንደርስ ከግራ በኩል ረጅም ጡሩምባ ሰማሁ። ቀና ስል አባቴ ፊት ለፊቱን እያየ ነው። አንገቱን አላዞረም፣ እግሩም ፍሬን ላይ አላረፈም። ከዚያ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ሆነ። የመኪናችን አፍንጫ አንድ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ጎን ውስጥ ተቀረቀረ፣ ላዳው ደግሞ ተገፍቶ ሄዶ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተመ።

የላዳው ሹፌር ከኛ ቀድሞ ወረደ። ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ቀጭን ሰው ነው። ግንባሩ ተጭሮ ደም ይወርደዋል። የራሱን መኪና እንኳ ሳያይ ወደኛ ሮጦ መጣ።

«ጋሼ፣ ተርፈዋል? ልጅቷስ? ምንም አልሆናችሁም?»

ምንም አልሆንንም። አባቴ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነበር። ጣቶቹን አላቅቄ ነው ያወረድኩት።

ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ አስፋልቱን በሜትር ለካ፣ በጠመኔ አሰመረ፣ የግጭቱን ፕላን አነሳ። ከዚያ ሁለቱንም ጠየቃቸው። ቀድሞ የተናገረው የላዳው ሹፌር ነው።

«አየኋቸው እኮ። ፍሬን ያዝኩ፣ አልያዘልኝም። ላሰራው ላሰራው እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ምን ልዋሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ትራፊኩ እስክሪብቶውን አቁሞ አየው። ጥፋቱን እንዲህ በቀላሉ የሚያምን ሹፌር ገጥሞት የሚያውቅ አይመስልም። ወደ አባቴ ዞረ።

«እርስዎስ?»

«እሱ እንዳለው ነው» አለ አባቴ።

«አንቺስ?»

«ስልክ እየነካካሁ ነበር፣ አላየሁም» አልኩ። እውነት ነው። ግን ጡሩምባውን ሰምቻለሁ። አባቴ አንገቱን እንዳላዞረ አይቻለሁ። ይህን አልተናገርኩም። ትራፊኩም የሰማውን ጽፎ ሄደ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ውስጥ የኢንሹራንሱን ቅጽ ሞላን። አባቴ ለመኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ ከሚገቡት ሰዎች አንዱ ነው። በየዓመቱ ሳያዛንፍ ይከፍላል፣ ቦሎውንም ከቀኑ በፊት ያሳድሳል። እኔ ጥያቄውን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሱ ጋቢ እያጠፈ ይመልሳል። አደጋው የት ደረሰ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ አየሩ እንዴት ነበር። ገጹን ስገለብጥ አንድ ጥያቄ መጣ።

«አሽከርካሪው የማየት ችግር አለበት ወይ? ይላል።»

እጁ ጋቢው ላይ ቆመ።

«የለበትም በይ።»

ጻፍኩ። የለበትም። ዛሬ ሳስበው ያን ቃል ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር ብል ደስ ይለኛል። አልከበደኝም። ደንበኛ በር ላይ ቆማ ስለነበር ቶሎ ጨርሼ ልነሳ ነበር የፈለግኩት።

ያላየሁት ነገር አልነበረም እኮ። ከአንድ ዓመት ወዲህ አባቴ በግራው በኩል የተቀመጠ የሻይ ብርጭቆ ይደፋል። የሱቁን ደረጃ በእግሩ ዳብሶ ይወርዳል። አንዳንዴ ነጠላ ያነሳና «ይሄ ጥለት ምን ቀለም ነው?» ይለኛል። ስነግረው ይስቅና «ልፈትንሽ ብዬ ነው» ይላል። እውነትም በጣቱ ብቻ የፈትሉን ቅጥነት የሚለይ፣ የትኛው ሸማኔ እንደሠራው የሚናገር ሰው ስለሆነ ማንም አልጠረጠረውም። እኔም እድሜ ነው ብዬ አለፍኩት።

ኢንሹራንሱ መኪናችንን ለጋራዦች አጫርቶ ላንዱ ሰጠው። ከዚያ መመላለስ መጣ። አንድ ቀን የሞተሩ ክዳን፣ ኮፋኖው፣ አልተገኘም ይሉኛል፣ አንድ ቀን ራዲያተሩ ከሶማሌ ተራ ይመጣል ይሉኛል። ጋራዥ ስሄድ መኪናችን አፍንጫዋ ወልቆ፣ መብራቶቿ የነበሩበት ቦታ ባዶ ሆኖ ቆማ አገኛታለሁ። ማታ አባቴ «ዛሬስ ምን አሉሽ?» ይለኛል። የነገሩኝን እነግረዋለሁ። ስለ ላዳው ሰውዬ ግን እሱም አይጠይቅም፣ እኔም አላነሳም።

ፋሲካ አለፈ። ከዳግማይ ትንሳኤ በኋላ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ሰውዬው ሱቃችን ድረስ መጣ።

እኔ መሰላል ላይ ቆሜ ከላይኛው መደርደሪያ ጋቢ እያወረድኩ ነበር። አባቴ ባንኮኒው ጋ ከአንዲት ደንበኛ ጋር ዋጋ ይከራከራል። ውጭ ተሸካሚዎች መንገድ ለማስለቀቅ «ጀርባ! ጀርባ!» እያሉ ይጮኻሉ። ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ ገባና በአባቴ ግራ በኩል ቆመ። ግንባሩ ላይ ጠባሳው አለ። አንገቱን ሰበር አድርጎ የሆነ ነገር አለ። ጫጫታው ዋጠው። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

አባቴ ደንበኛዋን ማናገሩን ቀጠለ።

እጁ እንደተዘረጋ ቆየ። አንዴ ትንሽ ወደፊት ገፋ አደረገው። አባቴ ነጠላውን ገልብጦ ጥለቱን ለሴትየዋ አሳያት፣ ክርኑ የሰውዬውን ጣቶች ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሰውዬው እጁን መለሰና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ኮፍያውን አጠለቀ። ወጣ።

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሮጬ ብርድ ልብስ ቸርቻሪዎቹ ጋ ደረስኩበት።

«ጋሼ፣ ይቆዩ! አባቴ እኮ…»

«ተይው፣ ልክ ናቸው» አለኝ። አልተቆጣም። «እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን አልጨብጥም። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር የመጣሁት። በበዓል ዋዜማ ስንት ኪሳራ ላይ ጣልኳችሁ።»

«መኪናዎትስ? ተሠራ?»

«የኔ ኢንሹራንስ የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። የሌላውን ያሠራል እንጂ የራስን አያሠራም። ጥፋተኛም ነኝ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ለምናለሽ ተራ ሰዎች እንዳለች ሸጥኳት። አሁን በሯም ሞተሯም ለየብቻ ሄደዋል።»

እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ምን እንደምለው አጣሁ። ጭንቅላቱን ነቅንቆ ተሰናበተኝና በሰው መሀል ሄደ።

ሱቅ ስመለስ ደንበኛዋ ሄዳለች።

«አባዬ፣ አሁን ማን እንደመጣ አይተሃል?»

«ማን መጣ?»

ባንኮኒውን ዞሬ በግራው ቆምኩና እጄን ልክ ሰውዬው እንዳደረገው ዘረጋሁ።

«እጄ የት ነው ያለው?»

 ሊዞር ሲል «ሳትዞር ንገረኝ» አልኩት። አልዞረም። 

«ካምና ጀምሮ ነው» አለ በመጨረሻ። «መሀሉ ደህና ይታየኛል። በጎን በጎኑ ግን ጨለማ ነው። በግራ ይብሳል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ቁልፉን ትቀሚኝ ነበራ።»

መጣላት ፈልጌ ነበር፣ ግን አለቀስኩ። እሱም አላባበለኝም። ያጠፈውን ነጠላ ዘርግቶ እንደገና ማጠፍ ጀመረ።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ግላኮማ ነው አሉን። የዓይን ውስጥ ግፊት ነው፣ ሳያምም ቀስ እያለ ከዳር እየበላ ወደ መሀል ይመጣል። ሐኪሟ ጠብታውን ጽፋ ስትሰጠኝ እሱን ነበር የምታየው።

«ጋሼ፣ የጠፋው አይመለስም። የቀረውን እንጠብቃለን።»

«መንዳትስ?» አለ አባቴ።

«አይሆንም።»

ከዚያ ወጥተን በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የሱቅ ወሬ አነሳሁ፣ አልሰማኝም።

«ሰውዬው ጡሩምባ ነፍቶ ነበር፣ አይደል?»

«ነፍቶ ነበር።»

«መስቀለኛው ውስጥ ቀድሞ የገባውም እሱ ነው።»

«እሱ ነው፣ አባዬ።»

«ትራፊኩ ሲጠይቀኝ እኮ እኔ እንዳጠፋሁ አውቄዋለሁ። እሱ ቀድሞ ጥፋቱ የኔ ነው ሲል ግን… እግዜር ያወጣኝ መሰለኝ።» ተነሳ። ክንዴን ያዘ። በሕይወቴ እንዲህ ክንዴን ይዞ አያውቅም። «ነይ ውሰጂኝ። ቃሌን አስተካክላለሁ።»

የኢንሹራንሱ የካሳ ክፍል ሠራተኛ ወጣት ናት። አባቴ ሲናገር ሳታቋርጥ ሰማችው። ሲጨርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ይሄን ቃል ከሰጡ የእርስዎ መኪና ጥገና ሊሰረዝ ይችላል። መንጃ ፈቃድዎም ይቀራል። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል፣ ልጄ። ጻፊው።»

ፋይሉን ከፍታ የሞላነውን ቅጽ አወጣች። ጣቷ «የለበትም» የሚለው ላይ ቆመ።

«ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የኔ» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ገጹን ገለበጠች። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ትራፊክ ጽሕፈት ቤትም ሄድን። አባቴ መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ፎቶው ላይ ጸጉሩ ጥቁር ነው። ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ክረምቱ ገባ። በመጨረሻ የኛ መኪና ጥገና ተሰረዘ፤ አፍንጫዋ በግማሽ ተቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ተለቅልቆ፣ ቀለም ሳይነካት ከጋራዥ ተጎትታ ወጣች። ለላዳው ጉዳት ግን ከኛ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ካሳ እንደሚከፈል ተነገረን። ባለንብረቱ መጥቶ ይፈርም አሉ።

የሰውዬው ስልክ ቁጥር ፖሊስ ወረቀት ላይ ነበር። ደወልኩለት። እህል በረንዳ ነኝ አለ፤ ጤፍ የሚያራግፉ የጭነት መኪናዎችን በዘበኝነት ይጠብቃል። አባቴን ይዤ ሄድኩ። በጭቃውና በጆንያው መሀል ቀስ እያልን ነው የደረስነው። ሰውዬው አንድ መኪና ጥግ፣ የዝናብ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል። ሲያየን ኮፍያውን አወለቀና «እንደምን ዋላችሁ» አለ።

አባቴ ድምፁን ተከትሎ ፊቱን ወደሱ አዞረ።

«ወንድሜ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዓይኔ አያይም። መስቀለኛው ላይ አላየሁህም፣ ሱቄ መጥተህ እጅህን ስትዘረጋም አላየሁህም። ቃሌን አስተካክያለሁ። ይቅር በለኝ።»

 ዝናቡ ላስቲኩ ላይ ይንጠባጠባል።

«ዓይንዎ እንደማያይ ያን ቀን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እንዲዋሽ ተመኝቼ ነበር። አልዋሸም።

«እኔ እኮ ጋሼ» አለ ሰውዬው፣ «መኪናዋስ ብረት ናት። ግን ልጄ ‘ፍሬኑን አሠራው ስንልህ’ ብሎ ሲናገረኝ መልስ አልነበረኝም። ሚስቴ ስታኮርፈኝ እውነቷን ነው ብዬ ነው የከረምኩት። አንድ ሰው ገድዬ ቢሆንስ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሦስት ወር ሙሉ።»

አባቴ የሰውዬውን ጉልበት ሊይዝ ጎንበስ አለ። ሰውዬው ፈጥኖ ትከሻውን ያዘና ቀና አደረገው።

«ኧረ አይገባም! እግዜር ይቅር ይበልዎ» አለ።

«አንተስ?»

«እግዜር ይቅር ይበልዎ» አለ እንደገና። ከዚያ አልጨመረም።

መጥቶ ፈረመ። ላዳዋ ተበታትና ስለነበር ግምቱን በፎቶና በፖሊስ ፕላን ብቻ ሠሩት። የደረሰው ካሳ ሌላ መኪና የሚያስገዛ አልሆነም። ከኪሳችን ልንጨምርለት ብንለምነው አሻፈረኝ አለ። የኛን መኪና እንዳለች ሸጥናት። ገዢው ሲወስዳት አባቴ ሱቅ ነበር፣ ልይ አላለም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ክንዴን ይዞ በእግር እንሄዳለን። ጠብታውን እኔ ነኝ የምጨምርለት። መሀሉም እየጠበበ ነው፤ አንዳንድ ቀን ነጠላ ፊት ለፊቴ ዘርግቶ ቀለሙን ይጠይቀኛል፣ ስነግረው ግን አይስቅም። እህል በረንዳ በኩል ሳልፍ ሰውዬውን አገኘዋለሁ። ቆሞ ሰላም ይለኛል፣ ስለ ሥራ ይጠይቀኛል፣ ክፋት የለውም። አባቴ ሁልጊዜ «ካገኘሽው ሰላም በይልኝ» ይለኛል። እላለሁ። ሰውዬው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይሰማኛል። ምላሽ ሰላምታ ግን ልኮ አያውቅም። ማታ አባቴ «ምን አለሽ?» ሲለኝ «ደህና ነው» እለዋለሁ፣ እሱም ደግሞ አይጠይቀኝም።